መልስ፦ የሶፍትዌር ዴቨሎፐር ግሩፓችንን ወደ ህጋዊ ማህበር እንቀይረው ወይ?

ወንድሜ ግሩፓችን እያደገ ስለሆነ ማህበር እናቋቁም ወይ ላልከው፣ መጀመሪያ ማህበር ስለሌላችሁ ያቃታችሁ ነገር ምንድነው? እውቀት መለዋወጥና ጀማሪ መርዳት ከሆነ ማህተም አያስፈልግም፣ ቻት ግሩፕና ሁለት ሶስት ትጉህ ሰው ይበቃል። ነገሩ የሚቀየረው ገንዘብና ንብረት ሲመጣ ነው፣ ስፖንሰር ሲገኝ በማን አካውንት ይግባ፣ የአዳራሽ ኪራይ ውል ማን ይፈርም፣ ዶሜይኑ (የድረገጹ አድራሻ) የተመዘገበበት ልጅ ድንገት ቢጠፋስ? የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሰዎች እኮ በ2001 እ.ኤ.አ. ፋውንዴሽን ያቋቋሙት ለዚህ አይነት ነገር ነው፣ የቋንቋውን መብት የሚይዝ ህጋዊ አካል ስለሚያስፈልግ።

ፈቃድ እንስጥ፣ ያልተመዘገበ አይስራ ምናምን የሚሉ ካሉ ግን እባካችሁ ተዉት። አሜሪካ ውስጥ ለሶፍትዌር ኢንጂነሮች የሙያ ፈቃድ ፈተና በ2013 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በቂ ተፈታኝ ስላልተገኘ በ2019 እ.ኤ.አ. ቀርቷል፣ ደግሞ ስንት ጎበዝ ዴቨሎፐር አለ ራሱን ያስተማረ፣ እሱ ላይ በር መዝጋት በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

ማህበሩ የግድ ነው ካላችሁ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የአመራር የስልጣን ገደብና በየአመቱ ሂሳብ ለአባላት ማሳየትን ከመጀመሪያው አስገቡ፣ በኋላ ማስገባት ከባድ ነው።