ጆቡ አረንጓዴ ነው፣ ባክአፑ ግን የለም

ከድሬዳዋ ሳቢያን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ችግርህ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሁለት ሰርቨር በኦልዌይስ ኦን (አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው ዳታቤዙን ሁለቱም ላይ የሚያኖር) አያይዘህ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2019 የሚባለውን የዳታቤዝ ሶፍትዌር ታሰራለህ፣ መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ዲ ድራይቭ እየሞላ ነው፣ በሰአቱ ራሱ የሚነሳው የባክአፕ ጆብ ግን ሌሊት ሌሊት አረንጓዴ ያሳያል፣ የጠራኸው ባለሙያም ሎጉን (የዳታቤዙ ለውጥ ሁሉ የሚጻፍበትን ፋይል) ሽሪንክ አድርጎ፣ ማለት ሊያሳንሰው ሞክሮ አልቀንስ ሲለው "ሲምፕል (ሎግ ባክአፕ የማይወሰድበት አሰራር) እናድርገውና እንገላገል" አለህ።

አቦ ተወው፣ እንዳትሰማው። ዳታቤዙ አቬይለቢሊቲ ግሩፕ (ኦልዌይስ ኦን የሚያያይዘው ቡድን) ውስጥ እያለ ሲምፕል አይሆንም፣ ከግሩፑ መውጣት አለበት፣ ሲምፕል የሆነ ጊዜ ደግሞ የሎጉ ሰንሰለት ተበጠሰ። የኤልዲኤፍ ፋይሉንም፣ ማለት ሎጉ ያለበትን፣ ማንም እንዳይነካው። አንድ ሙሉ ባክአፕ ከሁለቱ ማሽን ውጪ እስኪቀመጥ ድረስ ምንም አትሰርዝ።

የኔ ግምት ጆቡ ያለው አንዱ ማሽን ላይ ብቻ ነው። ጆብ ሂስትሪውን ክፈትና ስንት እንደፈጀ እይ፣ ድሮ ብዙ ደቂቃ ይወስድ የነበረው አሁን በአንድ ሁለት ሰከንድ ካለቀ ነገሩ እሱ ነው። ከሁለቱ ማሽን ስራውን የሚይዘው ፕራይመሪ፣ ተጠባባቂው ሰከንደሪ ይባላል። ባክአፕ ከየትኛው ይወሰድ የሚለው ምርጫ ካልተነካ "ፕሪፈር ሰከንደሪ" (ሰከንደሪው ይቅደም) ነው፣ ስለዚህ ሲገጠም ጆቡን ሰከንደሪው ላይ ሰሩት፣ መብራት ሲሄድ ፌይልኦቨር (ስራው ወደ ተጠባባቂው መዛወር) ሆነና ያ ማሽን ፕራይመሪ ሆነ፣ አሁን ጆቡ ይነሳል፣ ተራው የሱ እንዳልሆነ ያያል፣ ዝም ብሎ ይወጣል። በዊዛርድ የተሰራ ሜንተናንስ ፕላን (ኤስኪውኤል ሰርቨር ራሱ የሚያዘጋጅልህ የጥገና ጆብ) ይሄን ቼክ ራሱ ያስገባል፣ መልእክት እንኳን አይሰጥህም። ሌላኛው ማሽን ደግሞ ጆቡን አያውቀውም፣ ጆብ የሚቀመጠው ኤምኤስዲቢ በሚባለው የየማሽኑ የራሱ ዳታቤዝ ውስጥ ነው፣ ኤምኤስዲቢ በ2019 ግሩፕ ውስጥ አይገባም። ሁለት ሰርቨር ገዝቶ በርካሽ ዩፒኤስ ማሰር ምን ይባላል፣ በድሬ ሙቀት ያ ባትሪ ቶሎ ይደክማል።

ለማረጋገጥ ሲስ ዳታቤዝስ (sys.databases) ላይ ሎግ ሪዩዝ ዌይት ዴስክ (log_reuse_wait_desc) የሚለውን ኮለም እይ፣ የሎጉ ቦታ ነጻ ለመሆን ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይነግርሃል። ኮለሙ "ሎግ ባክአፕ" የሚል ከሆነ ሽሪንኩ ለምን እንዳልሰራ ገባህ ማለት ነው።

ይሄን ሎግ ግን ደህና አድርጌ ላስረዳህ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። እያንዳንዱ ለውጥ ሎጉ ላይ ሲጻፍ ኤልኤስኤን የሚባል ቁጥር ይይዛል፣ ሎግ ባክአፕ ስትወስድ ካለፈው ሎግ ባክአፕ መጨረሻ ጀምሮ ያለውን ይወስዳል፣ ቦታው ለሌላ ጽሁፍ ነጻ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው፣ ባክአፕ ካልተወሰደ ፋይሉ ማበጥ ብቻ ነው ስራው፣ ዲስኩ ሲሞላ 9002 የሚል ኤረር ይሰጥህና ሽያጩ ይቆማል። በኦልዌይስ ኦን ደግሞ ሰንሰለቱ አንድ ነው፣ የማሽኑ ሳይሆን የዳታቤዙ ነው። ጠዋት ከአንዱ ማታ ከሌላኛው ብትወስድ ልክ እንደ ባቡር ፉርጎ አንዱ ካንዱ ይያያዛል፣ መሀል ላይ አንድ ከጠፋ ከኋላ ያለው ሁሉ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን ሎጉን የራሱ ድራይቭ ላይ የሚጽፍ ከሆነ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ይሆናል፣ አንዱ ሰርቨር የተቃጠለ ቀን ሪስቶር ስታደርግ 4305 (መሀል ላይ የጎደለ ሎግ አለ የሚል ኤረር) ይልህና እዚያው ትቀራለህ። የባክአፕ ታሪኩም ባክአፑ በተወሰደበት ማሽን ብቻ ነው የሚመዘገበው፣ አንዱን ብቻ አይተህ ሁሉም አለ እንዳትል።

አሁን ወደ ስራው። መጀመሪያ ከአሁኑ ፕራይመሪ ሙሉ ባክአፕ በቼክሰም (ዳታው አለመበላሸቱን በሚያይ ምርመራ) ናስ ላይ፣ ማለት ኔትወርክ ላይ ያለ ማስቀመጫ ላይ ውሰድ፣ 2 ቴራ ተብሎ የተለጠፈበት ፎርጅድ ኤክስተርናል ላይ እንዳይሆን፣ የተጻፈለትን ተቀብሎ ሲከፈት ባዶ ነው። ቀጥሎ ሎግ ባክአፕ፣ ትልቅ ይሆናል አትደንግጥ፣ ያ ኮለም "ሎግ ባክአፕ" ማለቱን ሲተው አንዴ ብቻ ልከኛ ወደሆነ መጠን ሽሪንክ አድርግ፣ እምቢ ካለ ሌላ ሎግ ባክአፕ ወስደህ ድገመው። እስከዚያ ኤልዲኤፉን እንዳትነካ ብያለሁ።

ከዚያ የባክአፕ ምርጫውን ፕራይመሪ አድርገው። ሰከንደሪ ላይ በ2019 ሙሉ ባክአፕ የሚሆነው ኮፒ ኦንሊ (ለዲፈረንሻል መነሻ የማይሆን ቅጂ) ብቻ ነው፣ ዲፈረንሻል (ከሙሉው ወዲህ የተቀየረውን ብቻ የሚወስድ ባክአፕ) ጭራሽ የለም፣ ሁለት ማሽን ላለው ሰው ጣጣው አያዋጣም። ያው ጆብ ሁለቱም ላይ በእኩል ሰአት ይኑር፣ ውስጡ ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ ተመራጩ ሪፕሊካ (ባክአፕ የሚወስደው ማሽን) እኔ ነኝ ወይ የሚለው ፈንክሽን (sys.fn_hadr_backup_is_preferred_replica) ይጠየቅ፣ 1 ከመለሰ ባክአፕ፣ ካልሆነ ይውጣ። ሎጉን በየ15 ደቂቃው፣ ሙሉውን ሌሊት። መድረሻው የናሱ ሙሉ አድራሻ ይሁን፣ ዜድ ድራይቭ ብለህ ማፕ ያደረግከውን ሰርቪሱ አያየውም፣ በሁለቱም ማሽን የኤስኪውኤል ሰርቨር ሰርቪሱ የሚሰራበት አካውንትም ናሱ ላይ መጻፍ ይፈቀድለት።

የጆቡን ቀለም ማየት ተው፣ በሁለቱም ማሽን ኤምኤስዲቢ ውስጥ ባክአፕሴት ቴብል (የባክአፕ ታሪክ የሚመዘገብበት) ላይ የመጨረሻውን የባክአፕ ቀን አይቶ ከሁለቱ ቅርብ የሆነው እንኳን ጊዜው ካለፈበት ኢሜይል የሚልክ ጆብ ጨምር። ባክአፑን በሌላ ስም ሌላ ማሽን ላይ ሪስቶር አድርገህ ከፍተህ እየው፣ ቬሪፋይ ኦንሊ (ፋይሉን ሳይመልስ ብቻ የሚያይ ምርመራ) አለፈ ብለህ አትተኛ። በመጨረሻ ቀትር ላይ ከተማው ለበርጫ ሲቀመጥ ፌይልኦቨሩን በእጅህ አድርግና ቀጣዩ የሎግ ፋይል ከአዲሱ ፕራይመሪ ናሱ ላይ መድረሱን እይ፣ ካልደረሰ የዚያን ማሽን ጆብ ሂስትሪ ላክልኝ።