የያሺካው ሻተር ሲንቀራፈፍ

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ አባቴ ሰርግና ክርስትና ያነሳበት የነበረ ያሺካ ማት 124ጂ ካሜራ አለኝ። ለብዙ ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነው የቆየው። የሻተሩን ፍጥነት 1/125 ሰከንድ ላይ ሳደርገው ደህና ይሠራል። 1/15 ላይ ግን ይንቀራፈፋል፣ 1 ሰከንድ ላይ ደግሞ ተከፍቶ ይቀራል። የብርሃን መለኪያውም አይንቀሳቀስም። ጓደኛዬ ሌንሱ ውስጥ ትንሽ ስፕሬይ ዘይት ንፊበት፣ ይለቃል አለኝ። ላድርገው?»

በፍጹም እንዳታደርጊው እህቴ። ጓደኛሽ በቅን ልቦና ነው የመከረሽ፤ ለበር ማጠፊያ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር። የዚህ ካሜራ ሻተር (ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መዝጊያ) ግን የሚከፈትና የሚዘጋው እርስ በርስ በሚደራረቡ በጣም ስስ የብረት ቅጠሎች ነው። ቅጠሎቹ መሥራት ያለባቸው ደርቀው ነው። ዘይት ከነካቸው ይጣበቃሉ፤ ዛሬ የሚሠራው 1/125 እንኳ ነገ አይሠራም። ስፕሬዩ ወደ ሌንሶቹም ዘልቆ ጭጋግ ይተውባቸዋል። ከዚያ በኋላ ጥገናው ሙሉ በሙሉ መፍታት ነው።

ካሜራሽ አልተሰበረም። 1/125 ደህና መሥራቱ ዋናው ሞላ ጤነኛ መሆኑን፣ ቅጠሎቹም ንጹሕ መሆናቸውን ይነግረናል። በፈጣኖቹ ፍጥነቶች ላይ ሞላው ሻተሩን ከፍቶ ወዲያው ይዘጋዋል። በዝግተኛዎቹ ላይ ግን መዝጊያውን የሚያዘገዩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉ። ጤነኛ ሻተር 1 ሰከንድ ላይ ስትጫኚው «ዝዝዝ» የሚል እኩል ድምፅ የሚሰጠው እነሱ ሲዞሩ ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የተቀባላቸው ዘይት ከዓመታት ብዛት ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛቸዋል፤ ሞላው ደግሞ ያንን የሚያሸንፍ ጉልበት የለውም። ስለዚህ መድኃኒቱ ዘይት መጨመር ሳይሆን አሮጌውን ዘይት ማውጣት ነው።

ከመፍታትሽ በፊት በስልክሽ ለኪው። ፊልም ሳይኖር የኋላውን በር ክፈቺ፣ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙሪ፣ ከኋላ በኩል በስሎው ሞሽን ቅረጪ። ስልክሽ በሰከንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ከሆነ፣ 1/30 ላይ ሻተሩ 8 ምስል ያህል ክፍት ሆኖ መታየት አለበት። 1/15 ላይ 16፣ 1/60 ላይ 4። 1/30ው 9 ወይም 10 ቢሆን አትጨነቂ፣ ፊልም ይችለዋል። 20 ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ከ1/125 በላይ ያለውን በዚህ መንገድ መለካት አይቻልም። 1/500 በአሮጌ ካሜራ ላይ ትንሽ መዘግየቱ የተለመደ ነው፤ እኔ አልነካውም።

እየለካሽ እያለሽ ዝግተኛዎቹን ደጋግመሽ ተኩሺ። ቀላል ጉዳት ከሆነ በመደጋገም ብቻ የሚለቅ አለ። ሁለት ነገር ግን ጠብቂ። 1/500ን የምትፈልጊ ከሆነ ማኒቬላውን (ፊልሙን የሚያሳልፈውን የጎን እጀታ) ከማዞርሽ በፊት ምረጪው፤ ሻተሩ ከተወጠረ በኋላ ወደዚያ አታስገድጂው። ራስን በራስ የማንሻውን ሰዓት ደግሞ ጨርሶ አትንኪው። እሱም የራሱ ጥርሶች አሉት፤ መሃል ላይ ከቆመ ሻተሩን በሙሉ ይዞት ይቀራል።

ጥገናው እስኪደርስ ካሜራውን መልሰሽ ቁምሳጥን አትክተቺው። በቀን ብርሃን ዝግተኛ ፍጥነት አያስፈልግሽም። ባትሪው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው፤ ሻተሩ ባትሪ አይፈልግም፤ ባትሪ ባይኖርም ካሜራው ሙሉ በሙሉ ይሠራል። መለኪያው የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ሜርኩሪው መርዝ ስለሆነ ያ ባትሪ ከገበያ ወጥቷል። በቅርጹ የሚተካው አልካላይን 1.5 ቮልት ስለሆነ ንባቡን ያዛባል። ለመስሚያ መሣሪያ የሚሸጠው 675 ቁጥር ባትሪ 1.4 ገደማ ስለሆነ ይሻላል፤ ትንሽ ስለሆነ ዙሪያውን ቀለበት ይፈልጋል። መጀመሪያ ግን የባትሪውን ቤት ክፈቺና አረንጓዴ ዝገት ካለ በጥጥ ላይ ባደረግሽው ትንሽ ኮምጣጤ ጥረጊ። ያም ሆኖ ካልተነሳ ተዪው። ስልክ ላይ የሚጫን መለኪያ አለ፤ ከሱ የሚሻለው ግን የድሮ ፎቶ አንሺዎች ሕግ ነው። 400 ፊልም (ቁጥሩ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት ነው) ይዘሽ በጠራራ ፀሐይ ፍጥነቱን 1/500፣ ዲያፍራሙን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 16 አድርጊ፣ ወይም 1/250 ከኤፍ 22። ሰማዩ ሲዳምን ወይም ሰውየው ጥላ ውስጥ ሲሆን 1/250 ከኤፍ 8። ስትጠራጠሪ ብርሃን ጨምሪ፤ ኔጋቲቭ ፊልም ከጎደለው ይልቅ የበዛለትን ይቅር ይላል።

አሁን ወደ ማጽዳቱ። እጅሽ ለጥቃቅን ነገር የሚታገሥ ካልሆነ፣ በእጅ የሚሞላ ሰዓት የሚፈታ የድሮ ሰዓት ሠሪ ፈልጊ። መሣሪያውም ልምዱም አለው። «ሁሉንም ፈትተህ እጠብ» ሳይሆን «የማዘግያውን ጥርስ ብቻ አጽዳልኝ» በዪው።

ራስሽ የምትሞክሪ ከሆነ የፊቱን ቆዳ በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቂና ቀስ ብለሽ ላጪው። ብሎኖቹ ከሥሩ ናቸው። ጫፉ ያልተበላና ልኩን የሚገጥም ካቻቢቴ ያዢ፤ የተበላ ብሎን ከተጣበቀ ሻተር የባሰ ራስ ምታት ነው። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክሽ አንሺ፣ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሪ። የታችኛውን፣ ማለትም ፎቶውን የሚያነሳውን ሌንስ የፊት ክፍል ለስላሳ ላስቲክ ተጭነሽ ወደ ግራ ስታዞሪው ይለቃል። እምቢ ካለ ቁሚ። ፒንሳ ወደዚያ አይቀርብም። በዚህ ካሜራ ላይ ፎከስ የሚደረገው የሌንሶቹ ሰሌዳ በሙሉ ወደፊትና ወደኋላ ሲሄድ ስለሆነ፣ የፊቱን ሌንስ ስትመልሺ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ብቻ ይበቃል። ሉቢቴል የተባለው ካሜራ ላላቸው አንባቢዎች ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ ፎከስ የሚያደርገው የፊቱ ሌንስ ራሱ ስለሆነ ሳይፈታ በፊት ቦታውን ምልክት ማድረግ ግድ ነው።

ማጽጃው የሲጋራ ላይተር ቤንዚን ነው። የመኪና ቤንዚን አይሆንም፤ ሲደርቅ ቅባት ይተዋል። መስኮት ክፈቺ፣ ምድጃም ሻማም በአቅራቢያሽ አይኑር። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንድ ሁለት ጠብታ ጥርሶቹ ላይ ብቻ አድርጊ፣ 1 ሰከንድ ላይ ደጋግመሽ ተኩሺ፣ የወጣውን ቆሻሻ በሶፍት ጫፍ ምጠጪ፣ ድገሚ። አታፍስሺበት። ካፈሰስሽበት የሟሟው ቅባት ወደ ቅጠሎቹ ይወርዳል፣ ከጓደኛሽ ስፕሬይ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቤንዚኑ ገና እርጥብ እያለ ሻተሩ እንደ አዲስ ይሠራል። ደስ ብሎት ይገጥመዋል። በማግሥቱ ሲደርቅ መልሶ ይጣበቃል። ስለዚህ ሳትገጥሚ አሳድሪው፣ ጠዋት በስልክሽ መልሰሽ ለኪው። ከዘገየ ገና ቆሻሻ አለ፤ ከመጀመሪያው ጀምሪ። የሰዓት ዘይት ካገኘሽ በመርፌ ጫፍ የጥርሶቹ ዘንግ ላይ ብቻ ንኪ። ካላገኘሽ ደረቅ ይሁን። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አይተካውም።

ከገጠምሽ በኋላ ሁለቱ ሌንሶች መስማማታቸውን አረጋግጪ። የላይኛው የምታዪበት ነው፣ የታችኛው የሚያነሳው። ፊልሙ በሚያልፍበት ሐዲድ ላይ ደብዛዛ ነጭ ፕላስተር ወጥረሽ ለጥፊ፣ ፍጥነቱን ቢ ላይ (እስከተጫንሽው ድረስ ሻተሩ ክፍት የሚቆይበት)፣ ዲያፍራሙን 3.5 ላይ አድርጊና በመተኮሻ ኬብል ሻተሩን ክፍት ያዢው። ሩቅ ያለ የሕንፃ አንቴና ላይ ከላይ ፎከስ አድርጊ፣ ከዚያ ፕላስተሩ ላይ ያለውን በአጉሊ መነጽር እዪ። ሁለት ሜትር ላይ ያለ ጋዜጣም ሞክሪ። ከተስማሙ ጨርሰሻል። የታችኛው ልክ ሆኖ የላይኛው ብቻ ካልተስማማ፣ የሚስተካከለው የላይኛው ነው። መመልከቻው ውስጥ ያለውን መስታወት ግን በጨርቅ አትጥረጊ። ብርማ ሽፋኑ ከፊት ስለሆነ ይላጣል፤ በጎማ መንፊያ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል።

ፊልም ስትገዢ 120 የሚባለውን ነው የምትጠይቂው፤ ከአንዱ ጥቅል 12 ፎቶ ይወጣል። ከመጫንሽ በፊት የኋላ በሩ ላይ ያለው ሳህን 12 ላይ መሆኑን እዪ። 24ቱ 220 ለሚባለው ረጅም ፊልም ነው። ማኒቬላውን ወደፊት እስኪቆም፣ ከዚያ ወደኋላ እስኪቆም መልሺው፤ ሻተሩን የሚወጥረው የመመለሻው ዙር ስለሆነ ያንን ከዘለልሽ አይተኩስም። ፊልሙን ከውጭ የሚያመጣልሽ ዘመድ ካለ፣ ሻንጣ ውስጥ ጭኖ አይላከው። በእጁ ይያዘውና ፍተሻው ላይ በእጅ እንዲታይለት ይጠይቅ፤ የአውሮፕላን ማረፊያ አዲሶቹ የሲቲ (የራጅ) መፈተሻ ማሽኖች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ።