በትንሽ ካሊበር ጠመንጃ አጋዘን ለማደን የትኛው ጥይት ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጠመንጃዬ ባለ .223 ሬሚንግተን (ካሊበሩ፣ ማለትም የአረሩ ውፍረት፣ 5.7 ሚሊ ሜትር ገደማ) ሲሆን፣ በእጄ ያለው ለቀበሮ አደን የገዛሁት ባለ 55 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) ጥይት ነው። አንዱ ጓደኛዬ ጠመንጃው ለአጋዘን ፈጽሞ አይሆንም ይላል፤ ሌላው ጥይቱን ብቻ ቀይር ይለኛል። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሁለተኛው ጓደኛዎ ወደ እውነቱ ይቀርባሉ፤ አስቀድመው ግን የሚያድኑበትን አገር ሕግ ይመልከቱ። ለምሳሌ በጀርመን ሮ ለተባለው ትንሽ አጋዘን ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ ቢያንስ 1,000 ጁል ጉልበት እንዲኖረው ብቻ ሲጠየቅ፣ ለትልልቆቹ ዝርያዎች ከ6.5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ካሊበርና 2,000 ጁል ግዴታ ስለሆነ የእርስዎ ጠመንጃ ለእነዚህ አይፈቀድም።

አሁን በእጅዎ ያለውን ጥይት ግን ለአጋዘን አይጠቀሙበት። ለቀበሮ የሚሠራ አረር ሽፋኑ ስስ በመሆኑ አካል እንደነካ ይበታተናል። የአጋዘን ትከሻ ላይ ሲያርፍ ቁስሉ ከላይ ሰፊ ሆኖ ይታያል፤ ሥጋው ውስጥ የእርሳስ ፍርፋሪ ይቀራል፤ ሳንባው ግን ሳይነካ እንስሳው ሮጦ ይሰወርና ተሰቃይቶ ይሞታል። ይህን ሥቃይ ማስቀረት የአዳኙ ግዴታ ነው። ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነው የወታደር ጥይትም እንዲሰፋ ተደርጎ ስላልተሠራ በብዙ ቦታ ለአደን የተከለከለ ነው።

የሚፈልጉት እርሳሱ ከሽፋኑ ጋር የተጣበቀ፣ ከ60 እስከ 64 ግሬን (ወደ 4 ግራም) የሚመዝን የአደን ጥይት ነው። ከመዳብ ብቻ የተሠራውም ስለማይበታተን፣ 55 ግሬን ቢመዝን እንኳ ጠልቆ ይገባል፤ ስለዚህ ክብደቱን ብቻ አይተው አይግዙ። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል በክብደት እኩል የሆነ የመዳብ አረር ይረዝማል፤ ረጅም አረር ደግሞ ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ይፈልጋል። በርሜልዎ ላይ 1፡12 የሚል ከተጻፈ፣ ውስጡ ያለው ጥምዝ በ12 ኢንች አንድ ዙር ብቻ ስለሚያዞር ላይበቃው ይችላል፤ 1፡9 ከሆነ የተሻለ ነው። ዒላማ ወረቀቱ ላይ በክብ ቀዳዳ ፋንታ ሞላላ ካዩ አረሩ ተንጋዶ መግባቱ ነውና ያንን ጥይት ይተዉት።

ሌላ ጠመንጃ የመግዛት አቅም ካለዎት ግን፣ ከ1955 ጀምሮ የሚሠራውን .243 ዊንቸስተር ከ95 እስከ 100 ግሬን ባለው ጥይት ብመርጥልዎ ደስ ይለኛል። በ.223 የሚያድኑ ከሆነ ከ100 ሜትር አይራቁ፤ አጋዘኑ ሙሉ ጎኑን እስኪሰጥዎ ጠብቀው ከፊት እግሩ ኋላ ሳንባውን ያልሙ፤ ፊት ለፊት ወይም ሰያፍ ከቆመ አይተኩሱ።