መኪናዬ ላይ ሁለተኛ ሳልባትዮ ላስገጥም አስቤያለሁ፤ ሕጉ ይፈቅድልኛል?

ጥያቄ፦ ፎር ዊል ድራይቭ የናፍጣ መኪና አለኝ። ማደያ በማይገኝበት ረጅም መንገድ ስለምጓዝ፣ አንዳንዴም ድንበር ስለማቋርጥ፣ 90 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ የነዳጅ ሳልባትዮ ላስገጥም ነው። የጋራዡ ባለሙያ «ስኮርት ጎማው የሚታሰርበት ቦታ ስለሚገባ ማንም አያየውም፤ ለኢንሹራንስም መናገር አያስፈልግም» አለኝ። ይህ ሕጋዊ ነው? አንድ ነገር ቢፈጠርስ ተጠያቂው እኔ ነኝ ወይስ ጋራዡ?

መልስ፦ የሚኖሩበትን አገር አልገለጹልኝም። ስለዚህ በአንድ አገር ሕግ ሳልወሰን የብዙዎቹ ሕግ በሚስማማበት ላይ ተመሥርቼ እመልስልዎታለሁ፤ ምሳሌ ሲያስፈልግ የታወቁ ድንጋጌዎችን እጠቅሳለሁ።

አጭሩን ላስቀድም። ተጨማሪ ሳልባትዮ ማስገጠም በራሱ በብዙ ቦታ ክልክል አይደለም፤ ጥፋት የሚሆነው ሳያስመረምሩና ሳያሳውቁ ማስገጠም ነው። ባለሙያው ከነገረዎት ሁሉ የሚያሳስበኝ «ማንም አያየውም» የሚለው ነው። ትራፊክ ፖሊስ ላያየው ይችላል። አደጋ ከደረሰ በኋላ ግን መኪናው ሥር ገብቶ የሚያይ አይጠፋም፤ የፖሊስ መርማሪ አለ፣ የመድን ድርጅቱ ገማች አለ፣ የተጎጂው ጠበቃም አለ። ያኔ ስለ ሳልባትዮው ብቻ ሳይሆን ለምን እንደደበቁትም ይጠየቃሉ።

አንድ መኪና ለመንገድ የሚፈቀድለት ከነሳልባትዮው ተፈትሾ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በጄኔቫ በተፈረመው ስምምነት ሥር የወጣውና ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 34 የተሽከርካሪ እሳት አደጋን የሚመለከት ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ሳልባትዮ የተሳፋሪው ክፍል ወለል ወይም ግድግዳ ሆኖ ማገልገል አይችልም። የመሙያው አፍ ሰው ከሚቀመጥበት፣ ሻንጣ ከሚጫንበትና ከሞተሩ ክፍል ውጭ መሆን አለበት። ሳልባትዮው ከሥራ ግፊቱ እጥፍ በሆነ፣ በምንም ሁኔታ ግን ከ0.3 ባር በማያንስ ግፊት ለአንድ ደቂቃ ሲፈተን መሰንጠቅም ማፍሰስም የለበትም። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢገለበጥ እንኳ ከክዳኑ ጠብ ጠብ የሚለው በደቂቃ ከ30 ግራም ማለፍ አይፈቀድለትም።

እነዚህን የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከላሜራ ተቆርጦ ጋራዥ ውስጥ የተበየደ ሳልባትዮ ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱን ስለማለፉ የሚመሰክር ወረቀት የለውም። ባለሙያው ጎበዝ በያጅ ሊሆን ይችላል፤ ፍርድ ቤት ግን የሚመዝነው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ለመኪናዎ ሞዴል በፋብሪካ የተሠራ፣ የምርት ቁጥርና የፈተና የምስክር ወረቀት ያለው ሳልባትዮ ካገኙ ያስገጥሙ እላለሁ። ካላገኙ ይተዉት። ከኋላ ወንበር ቤተሰብዎን አስቀምጠው በሚነዱት መኪና ላይ ሌላ ምክር ልሰጥዎት አልችልም።

ናፍጣ መሆኑ በተወሰነ ደረጃ ይረዳዎታል። በአውሮፓ መለኪያ መሠረት የናፍጣ ተን በእሳት ሊያያዝ የሚችለው ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች በሆነ ቅዝቃዜም ተቀጣጣይ ተን ያወጣል። የሚያፈስ ናፍጣ በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ካረፈ ግን ይህ ልዩነት አያድንም። ስኮርት ጎማው የሚታሰርበት ቦታ ደግሞ በብዙ መኪኖች ለጭስ ማውጫው ቅርብ ነው። መርማሪው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ርቀትና የሙቀት መከላከያ መኖር አለመኖሩን ስለሆነ እርስዎም ቀድመው ይዩት።

ክብደቱን ብዙዎች ይረሱታል። አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ 90 ሊትር ማለት 76 ኪሎ ገደማ ነው። የሳልባትዮው ብረትና ማሰሪያው ሲጨመር መቶ ኪሎ ይጠጋል፤ ያውም ሁሉም ከኋላ አክሰል ላይ። መኪናው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተጻፈው የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ግን ሳልባትዮ ስለጨመሩ ከፍ አይልም። አምስት ሰውና የጉዞ ዕቃ ሲጫን ከልኩ ካለፈ፣ ሳልባትዮው የተፈቀደ ቢሆንም ከመጠን በላይ በመጫን ይጠየቃሉ። ከሥሩ የወጣው ስኮርት ጎማ የኋላ በር ላይ ሲሰቀልም ታርጋውን ወይም የፍሬን መብራቱን እንዳይጋርድ ያረጋግጡ። ብዙውን ጊዜ ትራፊክ ፖሊስ መኪናውን የሚያስቆመው በዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው ሥሩን የሚያየው።

ስለዚህ ከመግጠም በፊት ተሽከርካሪ መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ መኪናውን አስመርምረው ለውጡ በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ። በአገርዎ ምዝገባው አያስፈልግም ከተባሉም ይህንኑ በጽሑፍ ይቀበሉ።

አሁን ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መድን ሰጪው አረቦኑን፣ ማለትም ለሽፋኑ የሚከፍሉትን ገንዘብ፣ የሚተምነው እርስዎ በነገሩት ሁኔታ ነው። ሁኔታው ሲለወጥና አደጋው ሲጨምር የማሳወቅ ግዴታ አለብዎት። የፈረንሳይን የመድን ሕግ ብንወስድ፣ አደጋውን የሚያባብስ አዲስ ሁኔታ መኖሩን መድን ገቢው ካወቀ በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። ሆን ብሎ ከደበቀ ውሉ ፈራሽ ሊሆን ይችላል። ባለማወቅ ካስቀረውና ጉዳዩ የታወቀው አደጋ ከደረሰ በኋላ ከሆነ ደግሞ ካሣው ይቀነሳል፤ ቅነሳውም የተከፈለው አረቦን ሊከፈል ይገባው ከነበረው ጋር ተነጻጽሮ ነው። ለምሳሌ 1,000 ከፍለው ቢሆንና ሳልባትዮው ታውቆ ቢሆን ኖሮ 1,250 ይከፍሉ ከነበረ፣ የሚያገኙት ከጉዳቱ 80 በመቶውን ብቻ ነው።

የእንግሊዝ ሕግ በሌላ መንገድ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመድን አዋጅ፣ መድን ገቢው የጣሰው የውል ቃል ለደረሰው ዓይነት ጉዳት አደጋውን ሊጨምር የማይችል ከሆነ መድን ሰጪው በዚያ ሰበብ ክፍያ እንዳይከለክል ያግዳል። «መኪናው ላይ ለውጥ አይደረግ» የሚል ቃል ያለበት ውል ቢኖርዎትና በድንጋይ መስታወት ቢሰበር፣ ሳልባትዮው ከመስታወቱ ጋር ምን አገናኘው ብለው መከራከር ይችላሉ። እሳት ከሆነ ግን ይህ ክርክር አያዋጣም። ሳልባትዮን ከእሳት ለመለየት የሚሞክር ጠበቃ አላየሁም።

የሦስተኛ ወገን መድንም ሙሉ መከላከያ አይሆንልዎትም። በብዙ አገሮች መድን ሰጪው ተጎጂውን እንዲክስ ይገደዳል፤ ከከፈለ በኋላ ግን ግዴታውን የጣሰውን መድን ገቢ ከኪሱ እንዲመልስ ሊጠይቀው ይችላል። ተጎጂው ካሣውን ያገኛል፣ ዕዳው ግን የእርስዎ ይሆናል።

ስለዚህ ለመድን ድርጅቱ ይጻፉ፤ ረጅም መሆን የለበትም። «በውል ቁጥር … የተሸፈነው፣ ታርጋ ቁጥሩ … የሆነው መኪናዬ ላይ በ… ቀን … ሊትር የሚይዝ፣ የምርት ቁጥሩ … የሆነ ተጨማሪ የናፍጣ ሳልባትዮ ተገጥሟል። የምርመራ ውጤቱን አያይዣለሁ። ሽፋኑ በዚሁ ሁኔታ መቀጠሉን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ» ይበሉ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር። በቃል «ችግር የለውም» ያለዎት የሽያጭ ሠራተኛ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው መሥሪያ ቤት ላይኖር ይችላል። ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ ማኅተም ያለበት ቅጂ ያስቀሩ።

ጋራዡስ? ሥራውን በሙያው በሚጠበቀው ጥንቃቄ ካልሠራ ለእርስዎ በውል፣ ለተጎጂውም ከውል ውጭ ይጠየቃል። ይህ ግን እርስዎን ነጻ አያወጣም። ብዙ አገሮች የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንዲክስ ይደነግጋሉ፤ ተጎጂው እርስዎን ይከሳል፣ እርስዎ ደግሞ ጋራዡን ወደ ክርክሩ ያስገባሉ። ለዚያ ቀን የሚረዳዎት ደረሰኙ ነው። «ሳልባትዮ ተገጠመ» ብቻ የሚል ደረሰኝ ምንም አያስረዳም። የሳልባትዮው ይዘት፣ የምርት ቁጥሩ፣ ከሻንሲው ጋር የታሰረበት መንገድ፣ የመተንፈሻ ቱቦው መስመር፣ የማፍሰስ ፍተሻ መደረጉና ቀኑ ይጻፍበት። ሥራው ሲካሄድ ፎቶ ያንሱ። ይህን ለመጻፍ ፈቃደኛ ያልሆነ ጋራዥ ሥራውን የማያምንበት ጋራዥ ስለሆነ ወደ ሌላ ይሂዱ።

ድንበር ሲያቋርጡ ጉዳዩ የቀረጥ ነው። የጉምሩክ ሕጎች መኪና በመደበኛ ሳልባትዮው የያዘውን ነዳጅ ያለ ቀረጥ ማሳለፋቸው የተለመደ ነው፤ ክርክሩ «መደበኛ» የሚባለው የቱ ነው የሚለው ላይ ነው። ፋብሪካ የገጠመው ብቻ ነው የሚል አተረጓጎም ለረጅም ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የአንድ ጭነት አመላላሽ ድርጅትን የነዳጅ ታክስ ጉዳይ ሲያይ፣ ከፋብሪካው ውጭ በሌላ ሰው በቋሚነት የተገጠመ ሳልባትዮም ነዳጁ በቀጥታ ለመኪናው የሚውል እስከሆነ ድረስ ከመደበኛ ሊቆጠር ይችላል ብሏል። ውሳኔው ለንግድ ተሽከርካሪ የተሰጠ ቢሆንም ነጥቡ ለእርስዎም ይጠቅማል፦ ሳልባትዮው በቋሚነት ይታሰር፣ ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ዋናው ሳልባትዮ የሚሄድ መስመር ይኑረው። መኪናው ውስጥ የተቀመጠ፣ በፓምፕ ወደ ሌላ ዕቃ የሚቀዳበት ታንክ ግን በጉምሩክ ዓይን ጭነት ነው፤ ጭነት ከሆነ ደግሞ ቀረጥና የአደገኛ ዕቃ ማጓጓዣ ሕግ አብረው ይመጣሉ። በጄሪካን የሚይዙትም ልክ አለው፤ በአውሮፓው የአደገኛ ዕቃዎች የመንገድ ማጓጓዣ ስምምነት ለመኪናው መጠቀሚያ በሚያዝ ጄሪካን እስከ 60 ሊትር ይፈቀዳል፣ የኅብረቱ ጉምሩክ ግን ከውጭ ለሚገባ የግል መኪና ያለ ቀረጥ የሚያሳልፈው 10 ሊትር ብቻ ነው። የምዝገባውንና የምርመራውን ወረቀት ቅጂ መኪናው ውስጥ ይያዙ፤ የሚያቋርጡትን አገር ጉምሩክም ከጉዞው በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

መኪናውን ወደፊት ሲሸጡም ለገዢው በሽያጭ ውሉ ላይ ይግለጹለት። ካልገለጹ በስውር ጉድለት ሊከስዎት ይችላል። ሳልባትዮውን ነቅለው የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ ቱቦዎቹ በባለሙያ ይደፈኑ፣ መዝገቡም ይስተካከል፤ ለመድን ድርጅቱ የጻፉትን ማስታወቂያ የሚሰርዝ ሌላ ደብዳቤም ይላኩ።