በሳንባ አናት ላይ ያለ ጠባሳ፦ ለወጣት ሐኪሞች

ውድ ልጆቼ፣ በደሴ፣ በወልዲያ፣ በኮምቦልቻና በየወረዳው ሆስፒታል የደረት ራጅ ማንበብ ለጀመራችሁ ሁሉ፣

በሳንባ አናት ላይ ስለምትታየው ስስ ነጭ ጥላ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ቲቢ ነው? ካንሰር ነው? ወይስ ልለፈው?» ትላላችሁ። ጠባሳ ነው ብሎ መወሰን ከሁሉም የቀለለ ምርመራ ይመስላል፤ እኔ ግን ከከባዶቹ እቆጥረዋለሁ። «ምንም አይደለም» ለማለትም ማስረጃ ያስፈልጋል።

አስቀድማችሁ ጥላው በእርግጥ የሳንባ መሆኑን እዩ። የሳንባ አናት ከትከሻ ወደ ደረት በተጋደመው አጥንትና በመጀመሪያው የጎን አጥንት የተሸፈነ ጠባብ ቦታ ነው። በዚያ ላይ የወጣቷ ሹሩባ አንገቷ ላይ ሲወርድ፣ ወይም አንዲት እናት በአንገታቸው ያሰሩት የቆዳ ክታብ ፊልሙ ላይ ሲያርፍ ሌላ ጥላ ይጨምራል። ፀጉሩን ወደ ላይ አስጠቅልሉ፤ ክታቡንም በአክብሮት አስወልቃችሁ (በእጃቸው ይያዙት እንጂ ጠረጴዛ ላይ አትወርውሩት) ራጁን ድገሙት። አሁንም ካልጠራ ታካሚው ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ይነሣ፤ አጥንቱ ወደ ላይ ይሸሽና አናቱ ይገለጣል።

ጉዳት የሌለው ጠባሳ የራሱ መልክ አለው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የታችኛው ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በግራም በቀኝም ተቀራራቢ ሆኖ ይታያል፤ ዕድሜ በገፋ ቁጥርም ይበዛል። ሁሉም የቲቢ ቅሪት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሰው ቆሞ ሲውል ለሳንባው አናት የሚደርሰው ደም ለታችኛው ክፍል ከሚደርሰው ያነሰ ነው፤ ለዓመታት በቂ ደም ያላገኘው የሳንባ ሽፋን እየጠነከረ እንደሚሄድ ይታመናል። ችግሩ የቲቢ ባክቴሪያም ይህንኑ ቦታ መምረጡ ነው፤ በዚያ ኦክስጅን ይበዛል፣ የሊምፍ ፍሰቱም ደካማ ነው። ስለዚህ በእኛ አገር የእርጅና ምልክትና የበሽታ ቅሪት አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። የሳንባው ሥር (የአየር ቧንቧውና የደም ሥሮቹ ወደ ሳንባ የሚገቡበት ቦታ) ወደ ላይ ከተሳበ፣ የአየር ቧንቧው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ የካልሲየም ነጠብጣብም ካለ ያለፈ ቲቢን አስቡ።

በእርግጥ አልፏል ወይ የሚለውን ግን አንድ ፊልም ብቻውን አይመልስም። መልሱ ያለው በቀድሞው ፊልም ላይ ነው። በወሎ ብዙ ቤተሰብ የራጅ ፊልሙን በፌስታል ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ያኖራል፤ ጠይቁ። ታካሚው ከመካነ ሰላም ወይም ከወገል ጤና መጥቶ ፊልሙን ቤት ከተወው፣ ልጁ መስኮት ላይ አስደግፎ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ይላክ፤ ለፍጹም ንጽጽር ባይበቃም ጥላው ያኔ መኖሩን ያሳያል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲደርስ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋልና፣ ቤት የተቀመጠ ፊልም ከመዝገብ ቤት ይልቅ ሊያስተማምን ይችላል። ከስድስት ወር በላይ ምንም ያልተለወጠና አክታውም ንጹሕ የሆነ ጥላ ወደ ጠባሳ ያደላል። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ ግን ፊልሙ ምንም ቢመስል አክታው የቲቢን ባክቴሪያ በዘረ መሉ ለሚለየው ምርመራ፣ ለጂን ኤክስፐርት፣ ይላክ።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። አሜሪካዊው የራዲዮሎጂ ሐኪም ሄንሪ ፓንኮስት በሳንባ አናት ላይ ስለሚበቅሉ ዕጢዎች የጻፉት በ1924 እ.ኤ.አ. ነው፤ እነዚህ ዕጢዎች ዛሬም ጠባሳ መስለው ያልፋሉ። አንዱ ጎን ከሌላው ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ፣ ወይም የጎን አጥንቱ ከተበላ፣ ሲቲ ስካን እዘዙ። ከፊልሙም ቀና ብላችሁ ሰውየውን እዩት። ትከሻው ላይ ጀምሮ በክንዱ ውስጠኛ ጎን እስከ ትንሿ ጣት የሚወርድ ሕመም አለው? በዚያው ወገን የዓይኑ ቆብ ወርዷል? ብሌኑስ ጠቧል? «የሸክም ሕመም ነው» ብሎ ወራት ያሳለፈ ገበሬ ይህን ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም።

ስለ አጻጻፋችሁም በጣም ይገደኛል። ስስና የተመጣጠነ ጥላ አይታችሁ «የቆየ ቲቢ» ብላችሁ አትጻፉ። ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ፤ ለጉዞው በሚደረገው የጤና ምርመራ ያለፈ ቲቢ ምልክት እንኳን መንገድ ይዘጋል። ሌላውን ደግሞ ያ ቃል ስድስት ወር የማያስፈልገውን፣ ጉበት ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ያስውጠዋል። ያያችሁትን ጻፉ፦ የጥላውን ቦታ፣ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር፣ ከየትኛው ቀን ፊልም ጋር እንዳነጻጸራችሁ። የቀድሞ ፊልም ካልተገኘ አለመገኘቱንና ራጁ መቼ መደገም እንዳለበት አስፍሩ።

ታካሚዋ በር ላይ ቆማ ፊታችሁን ስታነብ «አብሽሪ» ማለት ያምራችኋል። ንጽጽሩ ካለቀና አክታው ንጹሕ ከሆነ በሙሉ ልብ በሏት። ካላለቀ ግን የቀረውን በግልጽ ንገሯትና ፊልሙን ስጧት፤ ቀኑ በደንብ መታተሙን አይታችሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛው እንድትመጣ አደራ በሏት።