ጭነቱ የሚያጋድልበትና ገመድ ሲወጠር የሚቆም ውሻ

ከሚኒያፖሊስ የጻፉልን አንባቢ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩትና 28 ኪሎ የሚመዝን የላብራዶር ድቅል ውሻ አላቸው። በእግር ጉዞ ላይ ውኃውንና ምግቡን ራሱ እንዲሸከም በግራና በቀኝ የሚንጠለጠል ከረጢት ገዝተውለታል፤ በበረዶው ወቅት ደግሞ አነስተኛ ስሌድ፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጎማ የሌለው ጋሪ፣ እንዲጎትት ይፈልጋሉ። ነገር ግን ከረጢቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ብብቱ አካባቢ ጸጉሩ መላጥ ጀምሯል፣ የመጎተቻው ገመድ ሲወጠርም ውሻው ቆሞ ወደ ኋላ ይዞራል።

የእንዲህ ዓይነት መታጠቂያዎችን በመስፋትና በማስተካከል የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ፣ በመጀመሪያ የምለምንዎት የተላጠው ቦታ ፈጽሞ እስኪድን ድረስ በላዩ ላይ ምንም ነገር እንዳያስሩበት ነው። የመላጡ ምክንያት የሆድ ማሰሪያው ለፊት እግሮቹ ክርን በጣም መቅረቡ ይመስለኛል። በክርኑና በማሰሪያው መካከል ቢያንስ ሦስት ጣት የሚያህል ቦታ ሊኖር ይገባል፤ ይህን የሚለኩትም ውሻው ቆሞ ሳለ ብቻ ሳይሆን ሲራመድም እያዩ ነው። ማሰሪያው ወደዚያ ቦታ የማይደርስ ከሆነ ከረጢቱ ለውሻዎ አካል አልተሰፋምና ይለውጡት፤ ጨርቅ እየጠቀለሉ ማለስለሱ ቁስሉን ከማዘግየት በቀር አያስቀረውም።

ማጋደሉን በተመለከተ፣ አህያ ጭኖ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው የሁለቱ ጎን ክብደት እኩል ካልሆነ ማሰሪያን ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም። ሁለቱን ጎኖች በኩሽና ሚዛን ለየብቻ ይመዝኑ፤ ውኃው በጉዞ ላይ ሲጠጣም ከአንድ ጎን ብቻ አይቀንሱ። ጭነቱ ጫንቃው ላይ እንጂ ሽንጡ ላይ ማረፍ የለበትም፤ ሽንጥ ከሥሩ የሚደግፈው የጎድን አጥንት የለውምና። አሁን ግን የያዙትን ሁሉ አውጥተው ባዶውን ከረጢት ያልብሱት፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የተጨማደደ ጋዜጣ ሞልተው ከበርና ከዛፍ ጋር እየተጋጨ ስፋቱን እንዲለምድ ያድርጉ። ክብደት የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። መነሻው የሰውነቱ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም ከረጢቱን ጨምሮ 2.8 ኪሎ ያህል ነው። ለጠነከረና ለለመደ ውሻ ብዙዎች የሚያስቀምጡት ጣሪያ ሩብ ቢሆንም፣ የእርስዎን ውሻ በዚህ ዓመት ወደዚያ እንዲያደርሱት አልመክርም።

ዕድሜውን መግለጽዎ ጥሩ ነው። በትላልቅ ውሾች ዘንድ የአጥንት ማደጊያ ጫፎች በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይጠነክራሉ፤ እጅግ ግዙፍ በሆኑት ዘሮች ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። የእርስዎ ውሻ ይህን ጊዜ ያለፈ ይመስላል፤ ሆኖም ላብራዶሮች በዳሌና በክርን መገጣጠሚያ ሕመም የታወቁ ስለሆኑ፣ ማንኛውም ጭነት ከመጨመሩ በፊት የእንስሳት ሐኪም መገጣጠሚያዎቹንና ልቡን ይመርምርለት።

ወደ መጎተቱ ስንመጣ፣ በከረጢቱም ሆነ በአንገት ማሰሪያ በፍጹም አያስጎትቱት። የመጎተቻ መታጠቂያ፣ በተለምዶ ሃርነስ የምንለው፣ ጉሮሮን ነጻ ትቶ ኃይሉን በፍርምባው አጥንት ላይ ማሳረፍና የትከሻ አጥንቶችን እንቅስቃሴ አለመገደብ አለበት። ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት ግን ገመዱ ከየት እንደሚጎትት ባለማሰባቸው ነው። ስሌድ መሬት ላይ ስለሆነ ገመዱ ዝቅ ብሎ ይመጣል፤ ስለዚህ እስከ ጭራው ሥር የሚደርሰው፣ ጀርባ ላይ የሚጠላለፈው ረጅሙ ዓይነት ይስማማዋል። ከሚሮጥ ሰው ወገብ ጋር ሲታሰር ግን ገመዱ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ረጅሙ መታጠቂያ ከኋላው ተነሥቶ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ለዚህ ጀርባው ላይ የሚያበቃው አጭሩ ይሻላል።

ገመዱ ሲወጠር መቆሙ እንቢተኝነት አይደለም፤ እባክዎ አይቆጡት። ዕድሜውን ሙሉ ገመድ እንዳይወጥር ተምሯል፣ አሁንም የተማረውን እየፈጸመ ነው። የሚሻለው በአንገት ማሰሪያ ሲታሰር አለመጎተትን፣ በሃርነስ ሲታጠቅ ደግሞ መጎተትን እንዲለይ፣ ሁለቱን ዕቃዎች ፈጽሞ ሳያቀላቅሉ መጠቀም ነው። ከዚያ ውሻው የሚወደው ሰው ጥቂት ሜትሮች ቀድሞ ይጥራው፤ እርስዎ ከኋላ ገመዱን በለስላሳው ወጥረው ይከተሉ፣ ወደፊት ሲገፋም እየተራመደ ሳለ ያመስግኑት። ቆሞ ዞሮ ሲመለስ ጉርሻ አይስጡት፤ መመለሱ የሚፈለግ ነገር ይመስለዋል። ይህን ሲያውቅ አነስተኛ የእንጨት ግንድ ከጎኑ እርስዎ እየጎተቱ ድምፁን ያለማምዱት፣ ቀጥሎም ከኋላው ያያይዙለት። ሲደነግጥ ካዩ አንድ ደረጃ ይመለሱ፤ ከኋላው በሚከተለው ነገር አንድ ጊዜ ክፉኛ የፈራ ውሻን መልሶ ማሳመን እጅግ ከባድ ነው። «ቀኝ»፣ «ግራ»፣ «ቁም» የሚሉትን ቃላት ያለ ጭነት፣ በተራ የእግር ጉዞ ላይ አስቀድመው ያስተምሩት።

ልምምዱን አስፋልት ላይ ሳይሆን አፈር ወይም ሣር ላይ ያድርጉ፤ ኮንክሪት መዳፉን ይልጣል። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ስለሆነ፣ አየሩ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን፣ በተለይም እርጥበት ካለበት፣ አያስጎትቱት። ስሌዱንም ለጊዜው በሜዳ ላይ ብቻ ይጠቀሙበት። ቁልቁለት የሚወርዱት ፍሬን ወይም ከጎንና ከጎን የሚይዙት ጠንካራ ዘንጎች ሲገጠሙለት ነው፤ በገመድ ብቻ የታሰረ ስሌድ ቁልቁል ሲንደረደር የውሻውን የኋላ እግሮች ይመታል።