መልስ፦ የኤንቪዲያ አክሲዮኔን ልያዝ፣ ልቀንስ ወይስ ልሽጥ?

ወንድሜ፣ አሜሪካ ሆነህ የገዛኸው የኮምፒውተር ቺፕ ኩባንያው የኤንቪዲያ አክሲዮን የቁጠባህን ግማሽ ያህል እንደደረሰ፣ በሁለት ዓመት ውስጥም ቤት መግዛት እንደምትፈልግ ጽፈሃል። እኔ ብሆን ሁሉንም አልሸጥም፤ ግን እቀንሳለሁ። ኩባንያው ጠንካራ ነው። ጠንካራ ኩባንያም ግን ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ዋጋው በግማሽ ያህል ወርዶ ነበር። ያኔ የቤትህ ቅድመ ክፍያ እዚያ ውስጥ ቢሆን አስበው! የቤቱን ብር አሁኑኑ አውጣና ለይተህ አስቀምጥ። ቀሪውን ያዝ።

ከመሸጥህ በፊት የገዛህበትን ቀን እይ። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ፣ በትርፉ ላይ የሚከፈለው የፌዴራል ግብር ለብዙ ሰው 15 በመቶ ነው። አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን ትርፉ እንደ ደመወዝ ገቢ ግብር ይታሰብበታል። አክሲዮኑ ጡረታ አካውንት ውስጥ ካለ፣ እዚያው እንዳለ ብትሸጠው ግብር የለብህም። የትኛው ነው ያንተ?